በጠርሙሱ አንገት ላይ ያለው ክር

አንድ ሰው ነበረ። አስናቀች፣ የጠየቅሽኝን አልዘነጋሁም፤ «ጋሼ፣ የመመረቂያ ጥናቴን ሦስት ጊዜ መለሱብኝ፤ ቀድጄ ብገላገለውስ?» ብለሻል። መጀመሪያ ይህን ሰው ስሚው።

የሚኖረው በፈረንሳይ አገር፣ አንድ ቤተሰብ ሦስት መቶ ዓመት ሲወራረሰው በኖረ የወይን እርሻ ላይ ነበር። እርሻው በነጭ ወይኑ የታወቀ ነው። አባቱ ቀድሞ ስለሞተ እርሻውን የያዘው አጎቱ ነው። አጎትየው ለገዛ ልጁ ፀሐይ የሚያገኘውን ለም መሬት ሰጠ፤ ለወንድሙ ልጅ ድንጋያማውን ዳገት።

የቤቱ ወግ እንዲህ ነው። በየዓመቱ፣ ብርዱ ሲያልፍ፣ እያንዳንዱ ከበርሜሉ አንድ ጠርሙስ ቀድቶ ያቀርባል፤ የቤቱ ታላቅ ይቀምሳል። ያለፈው ወይን የቤተሰቡ ስም ይለጠፍበታል፤ የወደቀው ይደፋል። ሦስት ዓመት በተከታታይ የወደቀ ሰው ተክሉ ይነቀላል። ቀማሹ እንዳያዳላ ጠርሙስ ላይ ስም አይጻፍም። ነገር ግን እንዳይቀላቀሉ አንገታቸው ላይ ክር ይታሰራል፤ የልጁ ሰማያዊ፣ የወንድሙ ልጅ ቀይ። የማን ክር የማን እንደሆነ ቀማሹም ያውቃል። በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን ነገር ያነሳ ሰው የለም።

በመጀመሪያው ዓመት አጎትየው ቀዩን ቀምሶ «ድንጋይ ድንጋይ ይላል» አለ። በሁለተኛው «ይኮመጥጣል» አለ። ሰውየው ሁለቱንም ጊዜ አመነ። በርሜሉን ወንዝ ዳር ድረስ አንከባልሎ በገዛ እጁ ደፋው። አንድ ጉንጭ እንኳ ደግሞ አልቀመሰም።

በሦስተኛው ዓመት፣ በቅምሻው ዕለት፣ የአጎቱ ልጅ ከአልጋው ሳይወርድ «የእኔንም አብረህ ቅዳልኝ» ብሎ ጠርሙሱን ላከለት። ሰውየው ምድር ቤት ወርዶ በመጀመሪያ ከራሱ በርሜል ቀመሰ። ቆመ። ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ ሁለቱንም ጠርሙስ ከዚያው ከራሱ በርሜል ሞላና በአንዱ ሰማያዊ፣ በሌላው ቀይ ክር አሰረ።

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አጎትየው ከሰማያዊው አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይህ የአያቴ እጅ ነው» አለ። «ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ያለ አልጠጣሁም። ተባረክ ልጄ።»

ከቀዩ ከንፈሩን ብቻ አራሰ። «ያው ድንጋይ ነው። እንግዲህ ሦስተኛህ ነው፤ ተክልህን ንቀል።»

«አጎቴ፣ ሁለቱም የተቀዱት ከእኔ በርሜል ነው።»

ልጅየው ሳቀ። «ገና ሳይቀምስ ሰክሯል።»

«እንውረድና እዚያው ልቅዳልዎ።»

ሁሉም ተከትለው ወረዱ። በርሜሉ ላይ ክር የለም። አጎትየው ጠጣ፤ እስኪጨርሰው ጠጣ። ሁሉም ፊቱን ያያሉ። አፉን ጠረገና «ወግ ወግ ነው፤ ይነቀል» አለ።

ተክሉ ተነቀለ። ሰውየው ከተነቀለው ላይ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በርሜሉን ጭኖ፣ ከወንዙ ማዶ ሊተክል ሄደ። ለተነቀለው አላለቀሰም። ያለቀሰው የሁለቱን ዓመት ወይን የደፋበት ቦታ ሲደርስ ነው።

አስናቀች፣ ወይኑ ጥናትሽ ነው። ክሩ ሽፋኑ ላይ ያለው ያንቺና የአባትሽ ስም ነው። ቀማሾቹን ታውቂያቸዋለሽ። ጥናትሽ ድንቅ ነው አላልኩሽም፤ አላነበብኩትም፤ ውሃ ሊሆን ይችላል። ብቻ ስምሽን በእጅሽ ሸፍኚና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረሽ አንብቢው። መጥፎ ሆኖ ካገኘሽው ያን ጊዜ ቅደጂው፤ ቀማሿ አንቺ ነሽ።

የእኔንም ከሠላሳ ዓመት በፊት ሦስት ጊዜ መልሰውታል። አንድ ገጽ ደግሜ ሳላነብ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ጥሩ ይሁን መጥፎ እስከ ዛሬ አላውቅም።