የተሰረዙት የዳለቻ ክረምቶች

አንድ ጊዜ ጆሮ ስጡኝ፤ የምነግራችሁ ተረት ለምትሰጡኝ ጊዜ የሚበቃ ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ተዋህደው አንድ ሲሆኑ፣ አውሮፕላን አብራሪም ሁኑ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ «የእኔ የአገልግሎት ዘመን የት ሊገባ ነው?» ብላችሁ የምትጨነቁበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያን ቀን ዳለቻን አስታውሱት።

ዳለቻ አህያ ነበር። ጌታው አንበሳ፣ ጨው ከቆላ ወደ ደጋ ገበያ የሚያመላልስ የሃያ አህዮች ቅፍለት ነበረው። አህዮቹ በአንድ መስመር ይጓዛሉ። አዲስ የገባ ከሰልፉ ጅራት ይጀምራል፤ ከፊት ያለው አርጅቶ ሲወጣ አንድ ቦታ ወደፊት ይላል። ከሁሉ የቀደመው አንገቱ ላይ ቃጭል ይታሰርለታል።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከፊት ያለው ያልደፈረሰ ውሃ ይጠጣል፣ ያልተረገጠ ሣር ይግጣል። ከኋላ ያለው አቧራ ይቅማል፤ ገደሉ ጋ ሲደርሱ ደግሞ አያ ጅቦ የሚመጣው በጅራት በኩል ነው። ታዲያ ወጣቶቹ ለምን ከኋላ ይሆናሉ? ወጣት ይሮጣላ! ጅቡ ብቅ ሲል ፈርጥጦ ያመልጣል። ጉልበቱ ያለቀ ግን የት ይደርሳል? ስለዚህ ከፊት ይሆናል። ይህን ሥርዓት አህዮቹ ያወጡት ብዙ ሽማግሌዎቻቸውን ካስበሉ በኋላ ነው።

ዳለቻ ከጅራት ተነስቶ በአሥራ አንድ ክረምት ቃጭሉ ጋ ደርሶ ነበር። ሲራመድ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ ግን ከኋላው አሥራ ዘጠኝ አህያ አለና አይፈራም።

አንድ ቀን አንበሳ የነብርን ቅፍለት ጠቀለለው። ሌላ ሃያ አህዮች መጡ።

«ከእንግዲህ አንድ ቅፍለት ናችሁ» አለ አንበሳ እያዛጋ። «በሰባት ቀን ውስጥ ተስማሙና ሰልፉን ራሳችሁ አውጡ። ካልሆነላችሁ ቀበሮ ይዳኛችኋል። እኔ ጨዉ ይድረስልኝ እንጂ ማን ከማን ኋላ እንደሚሄድ አያገባኝም።»

በማግሥቱ የነብር አህዮች አንጋፋ ቡሊት አንድ እግሯን እየጎተተች ወደ ዳለቻ መጣች።

«እንዴት አደርክ፣ አያ ዳለቻ?»

«ደህና፣ እመት ቡሊት። ምን እግር ጣለሽ?»

«መላ ይዤ ነው። አንድ ከእኛ፣ አንድ ከእናንተ እያልን እንሰለፍ። እኔ አሥራ ሦስት ክረምት ስላለኝ ልቅደም፤ አንተ ተከተለኝ፤ ሌሎቹም እንዲሁ እስከ ጅራት።»

«ሁለተኛ? እኔ?»

«ከአርባ ሁለተኛ እኮ ነው! ከኋላህ ሠላሳ ስምንት አህያ ይኖርሃል። ድሮ የነበረህ አሥራ ዘጠኝ።»

«ቃጭሉስ?»

«እሱ እንኳ እኔ ጋ ይሆናል።»

«ይሄዋ! ቃጭል ያሰረ አህያ ሲፈታ ልጆቹ ምን ይሉታል? አሥራ አንድ ክረምት ስለፋ የኖርኩት አንቺን ልከተል ነው?»

«እኔስ ስተኛ ነው የኖርኩት?»

«የእናንተ ክረምት ደግሞ ክረምት ነው? መንገዳችሁ ሜዳ! ሽርሽር ስትሄዱ ኖራችሁ መጥታችሁ ከፊት ልትገተሩ! አይቆጠርም!»

ቡሊት ጆሮዋን ጣለች። «እሺ። ግን አረማመድህን አይቼዋለሁ፣ አያ። ጉልበትህ እንደ እኔው ነው» ብላ ሄደች።

ወሬው ተዛመተ። ከነብር አህዮች በኩልም «የእነሱም አይቆጠርም! መንገዳቸው አንድ ክንድ ነው!» የሚል ጩኸት ተነሳ። እስከ ስድስተኛው ቀን ተራገጡ፣ ተናከሱ። በሰባተኛው ቀን ቀበሮ ከተፍ አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አያ ዳለቻ፣ የነብር አህዮች ክረምት ይቆጠርላቸው?»

«በፍጹም!»

«እናንተስ? የእነ ዳለቻ ይቆጠር?»

«በጭራሽ!» አሉ የነብር አህዮች። ዝም ያለችው ቡሊት ብቻ ነበረች።

«እንኳን ደስ አላችሁ፤ ሁለታችሁም ረትታችኋል» አለ ቀበሮ። «የእነሱም አይቆጠርም፣ የእናንተም አይቆጠርም። ሁላችሁም ዛሬ የገባችሁ አዲሶች ናችሁ። ታዲያ ማን ይቅደም? ያው በሩጫ ነዋ! እስከዚያች ግራር ሩጡ፤ እንደ አደራረሳችሁ ትሰለፋላችሁ።»

«ኧረ ጌታው! አሥራ አንድ ክረምት…»

«አይቆጠርም አላልክም እንዴ?»

«የእነሱን ነው እንጂ!»

«እኔ ዳኛ ነኝ፣ አያ። አላዳላም።»

ወጣቶቹ ሽው አሉ። አቧራው ሲበርድ ዳለቻ ሠላሳ ዘጠነኛ፣ ቡሊት አርባኛ ሆነው ግራሯ ሥር ደረሱ። ቃጭሉን አንድ የሁለት ክረምት ውርንጫ አሰረው።

በመጀመሪያው ጉዞ ገደሉ ጋ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

«እመት ቡሊት» አለ ዳለቻ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «ያን ቀን የነገርሽኝ…»

«ተወው፣ አያ። ትንፋሽህን ለዳገቱ አስቀምጠው።»

ጅቡ ከቁጥቋጦው ወጣ። ሠላሳ ስምንቱ አህዮች ጭነታቸውን እያንገጫገጩ ፈረጠጡና ከጠመዝማዛው ወዲያ ተሰወሩ። ጅቡ ዘሎ ቡሊት ላይ ተሰቀለ፤ አፉን ሞልቶም ጀርባዋ ላይ የተጫነውን ገመጠ።

«እትፍ! ይቺ አህያ ጨው በዝቶባታል!»

«አንተ ጅል፣ ጭነቷ ነው እኮ!» አለ ከቋጥኙ ላይ አንድ ድምፅ። «ከሥሩ ግባ! ደግሞ አትጣደፍ፤ ከእንግዲህ ጅራቱ ላይ የሚሮጥ የለም ብዬህ የለ?»

ዳለቻ ቀና ሲል አየው። ዳኛው ነበር፤ ድርሻውን እየጠበቀ ከንፈሩን ይልሳል።

«ሂድ፣ አያ!» አለች ቡሊት።

ዳለቻ ሄደ። መሮጥ አልቻለም። የሚሰማውን እየሰማ፣ አንድ አንድ እርምጃ እየቆጠረ ዳገቱን ወጣ። ደጋ ሲደርሱ አንበሳ ጭነቱን አየና «አንድ ጭነት ቢጎድል ነው፤ ምንም አይደል» አለ።

በማግሥቱ ለመልሱ ጉዞ ተሰለፉ። ዳለቻ ዞር ብሎ አየ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው የሌላውን የድካም ዘመን የሚሰርዝ የራሱንም እንደሚያሰርዝ ነውና፣ እናንተም ከማታውቁት ሰው ጋር አንድ ሰልፍ ውስጥ የገባችሁ ዕለት ዳኛ ከመጥራታችሁ በፊት «አንተስ ስንት ዘመን ለፋህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሞክሩት፣ ዛሬውኑ ሞክሩት።