ጦጣ፣ ቅሉና የጉጉት ዓይን

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ እንቅልፍ የያዘው ይተኛ።

ድሮ፣ እንስሳት በአንድ ሸንጎ ሲዳኙ፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ አንዲት ጦጣ ነበረች። እጇ ቀልጣፋ ስለነበር የአገሩን ወተት የምትገፋው እሷ ነበረች። ላሚቱ ትታለባለች፣ ወተቱ ይረጋል፣ ጦጣ እርጎውን ቅል ውስጥ ጨምራ ትገፋለች። ቅቤው ሲወጣ ለአራስ፣ ለበሽተኛ፣ ለሙሽራ ይከፋፈላል። «እጅሽ ይባረክ» ሲሏት ጦጣ ደረቷን ትነፋለች።

አንድ ዓመት ግን፣ ክረምቱ ሊገባ ደመናው ሲከብድ፣ ቅቤው እምቢ አለ። ጦጣ እንደ ልማዷ በማለዳ ከቋጥኙ ጥላ ሥር ተቀምጣ ገፋች፤ ቅቤ የለም። በማግስቱ ገፋች፤ ቅቤ የለም። በሦስተኛው ቀን ክንዷ እስኪዝል ገፋች፤ ከቀዝቃዛ እርጎ በቀር ምንም የለም።

«ኧረ ቀስ! አንገቴን ልትሰብሪው ነው!» አለ ቅሉ።

«ዝም በል አንተ! ቅቤዬን ምን አደረግኸው?»

«እኔ ምን አውቄ? የሰጠሽኝን ይዤ መናጥ ነው ሥራዬ። በወይራ ጭስ ካጠንሽኝ እንኳ ስንት ጊዜ ሆነኝ!»

በዚያ ሰሞን በግ ወልዳ አራስ ነበረች። ገንፎዋ ያለ ቅቤ ሲቀርብላት አኮረፈች። «ጦጣ ጣቷን እየላሰች እንዳይሆን» አለች። ወሬው ከደጅ ደጅ ዞሮ ከጦጣ ጆሮ ገባ። ጦጣ ፊቷ ነደደ። ከዚያ በኋላ የምትፈልገው ቅቤውን አልነበረም፤ ከእፍረት የምታመልጥበትን በር ነበር።

«ዓይን ነው!» ብላ ጮኸች። «ቅቤያችን በዓይን ተበልቷል!»

ሸንጎው ተሰበሰበ። ዳኛው አባ አጋዘን ቀንዱን ነቅንቆ «እንግዲያው አንቺው መርምሪና ንገሪን» አላት።

ጦጣ «ቅቤው ለምን እምቢ አለ?» ብላ አልጠየቀችም። «የበላው የማን ዓይን ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ገና ሲወለድ ጥፋተኛ አዝሎ ተወለደ። ዙሪያዋን አየች። ከቋጥኙ በላይ፣ በዋንዛው ግንድ ቀዳዳ ውስጥ፣ ጉጉት ሁለት ጫጩቶቿን ታቅፋ ተቀምጣለች። ዓይኖቿ እንደ ዋንጫ ሰፊ ናቸው።

«እትዬ ጉጉት፣ ስገፋ ከላይ ሆነሽ ታዪኛለሽ አይደል?»

«አይሻለሁ። ዓይን የተሰጠኝ ለማየት ነው።»

«ሰማችሁ!» አለች ጦጣ።

«ቆይ እንጂ እመት ጦጣ። ይህ ግምትሽ ነው። ግምትሽ ሐሰት ቢሆን በምን ታውቂዋለሽ?»

ጦጣ ሳቀች። «በዚያ ዓይንሽ ስታዪኝ ሰውነቴ ይሸማቀቃል! ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ አለ?» አለች። ሸንጎውም አብሯት ሳቀ።

«እንሞክራታ» አለ አባ አጋዘን። «ጉጉት ወንዝ ማዶ ትሂድ። ቅቤ ከወጣ እሷ ናት።»

«ልጆቼ እኮ ላባ አላወጡም! ዝናቡም እየመጣ ነው!»

የሰማት የለም። ጉጉት ጫጩቶቿን ተራ በተራ ይዛ ወንዙን ተሻገረች፤ ዛፍ ከሌለበት፣ ከባዶ ድንጋይ ላይ ሰፈረች።

በሙከራው ቀን አገሩ ሁሉ ለማየት መጣ። ጦጣ ቅሉ እንዳያሳፍራት ብላ በወይራ አጠነችው። ተመልካቹም ስለበዛ ከቋጥኙ ሥር አልበቃ አለ፤ ተያይዘው ወደ ሜዳው ወጡ። ፀሐይ ከፍ ብላለች። ጦጣ ገፋች፣ ገፋች፤ ቅሉም «ከበደኝ! ከበደኝ!» አለ። ሲከፍቱት ቅቤው ተንሳፍፏል።

እልልታው ቀለጠ። «ጉጉት ናት!» አለ አገሩ። አባ አጋዘንም ጉጉት ዳግመኛ ወንዙን እንዳትሻገር ፈረደ። ጦጣ ደረቷን ነፋች።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ቋጥኟ ጥላ ተመልሳ ገፋች። ቅቤ የለም።

«ሌላ ዓይን አለ!» አለች በግ። «ድመትም እኮ ዓይኗ ያበራል።»

ድመት ፀጉሯ ቆመ። «እኔን? ከቅሉ ሥር የማትጠፋው ማን ሆነችና! የጦጣ ዓይንስ ዓይን አይደለም እንዴ?»

ሁሉም ዞረው ጦጣን አዩ። ጦጣ መግቢያ አጣች። «እኔ እኮ አይደለሁም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን እኔ አለመሆኔን በምን አሳውቃለሁ ብላ አሰበች። ያኔ የጉጉት ጥያቄ ትዝ አላት።

ብቻዋን ተቀምጣ አሰበች። «ቅቤው የወጣ ቀን ምን ተለወጠ? ጉጉት ሄደች። ቅሉ ታጠነ። ቦታውም ፀሐይ ሆነ። ሦስት ነገር ባንድ ቀን ተለውጦ፣ እኔ የጮኽኩት አንዷን ብቻ ይዤ ነው።»

ቅሉን አጥና ከጥላው ሥር ገፋች፤ ቅቤ የለም። ጭሱን አጥባለት፣ ሳታጥነው ሜዳው ላይ ፀሐይ አሙቃው ገፋች፤ ቅቤው ወጣ።

«እሰይ!» አለ ቅሉ። «ብርዱ ነው ለካ! ምነው ደስ አላለሽም?»

ጦጣ ቅሉን አስቀመጠች። አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። ወንዙን ተሻገረች።

ዝናቡ ዘንቦ አባርቷል። ጉጉት ድንጋዩ ላይ ረጥባ ተቀምጣለች። ከክንፏ ሥር አንድ ጫጩት አለች። አንድ ብቻ።

«እትዬ ጉጉት» አለች ጦጣ፣ መሬት መሬት እያየች። «ነይና ስገፋ እዪኝ።»

«ገና አልበቃሽም?»

«የለም። ሐሰተኛነቴ በአገር ፊት እንዲታይ ነው።»

ጉጉት መጣች። ፀሐዩ ላይ፣ ከቅሉ አጠገብ ቆማ፣ ዓይኗን ምንም ሳትጨፍን አፈጠጠችበት። ጦጣ ገፋች። ቅቤው ወጣ። እልል ያለ የለም። በግ ልጇን መላስ ጀመረች፤ አባ አጋዘን ቀንዱን ዝቅ አደረገ።

ጦጣ ቅቤውን በቅጠል ይዛ በጉልበቷ ቀረበች። «ለልጅሽ ይሁን። እኔ...»

«ጉጉት ቅቤ አትበላም» አለች ጉጉት። «ያን ሁሉ ስትከሱኝ፣ ይህችን እንኳ የጠየቀኝ አልነበረም።»

ልጇን ይዛ በረረች። ከዚያ ወዲህ ጉጉት በቀን መታየት ጠላች ይባላል። ጦጣም ዓይኗን ትክ ብለው ሲያዩዋት ፊቷን ታዞራለች። ቁጣ እንዳይመስላችሁ፤ አፍራ ነው።

እኔም ነግሬ ጨረስኩ፣ እናንተም ሰማችሁ፤ መልሱን በሆዱ ይዞ የሚጠይቅ፣ ጎረቤቱን ቀብሮ ይመለሳል።