ላብ ያልነካው ማልያ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። የማልያ ቁጥር በእጅ ይሰፋ በነበረበት፣ የሜዳው መስመር በአመድ ይሰመር በነበረበት ዘመን፣ መልካ ጡሪ በምትባል የሸንኮራ ከተማ አልጣሽ የምትባል ሴት ነበረች። ሹመት የላትም፣ ዘመድ የላትም። የስኳር ፋብሪካውን የእግር ኳስ ቡድን ነጭ ማልያ ታጥብ ነበር። እሑድ ጨዋታ ይሆናል። ሰኞ አልጣሽ ታጥባለች፤ አጥባም በሜዳው አጥር ሽቦ ላይ ታሰጣለች።

ፋብሪካው ዋናው ቡድን ነበረው፤ ተስፋ ቡድን የሚባል የከተማው ልጆች ቡድንም ነበረው። ተስፋዎቹ የሸንኮራ ቆራጮች ልጆች ናቸው። ቡድኑ ከታች ጀምሮ አሳደጋቸው፤ አልጣሽም ማልያቸውን እያጠበች አብራ አሳደገቻቸው። ከእነሱ መካከል ላምቤቦ የሚባል ነበር፤ እናቱን ወባ የነጠቀችው፣ ግራ እግሩ የተባረከ። ሌሎቹ ማልያቸውን ወርውረውላት ይሄዳሉ። ላምቤቦ ግን አጣጥፎ በሁለት እጁ ይሰጣት ነበር። አልጣሽ አልወለደችም። ይህን ልጅ በዋናው ቡድን ማልያ ሲጫወት ሳታይ መሞት አልፈለገችም። ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ከዚያ አዲስ የቡድን መሪ መጣ። አቶ ልሳነወርቅ ይባላል። ኮቱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ያማረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየዘመኑ አይጠፋም፤ ከሩቅ የመጣ ሁሉ ብርቅ ይሆንበታል፣ ደጁ የበቀለውን ረግጦት ያልፋል። ከዋና ከተማ ስማቸው የገነነ፣ ጉልበታቸው ያለቀ ተጫዋቾች አስመጣ። ሥጋው ለእነሱ፣ አዲሱ ጫማ ለእነሱ ሆነ። አልጣሽንም ጠርቶ፣ "ሳሙናው ለዋናው ቡድን ብቻ ነው፤ የልጆቹን ተዪው" አላት።

አልጣሽ ነጠላዋን አጣፋች። ገበያ ወጣች፣ እንዶድ ገዛች፣ ወቀጠች። የልጆቹን ማልያ በእንዶድ አጠበች፤ አጥባም ሽቦው ላይ አሰጣች። የልጆቹ ማልያ ከታላላቆቹ ነጥቶ ታየ። ከተማው ጉድ አለ። ባለሱቆቹም አፍረው ለተስፋዎቹ ሳሙና አዋጡ።

በሚቀጥለው ዓመት ሕዝቡ፣ "የእኛ ልጆች ይሰለፉ!" እያለ ጮኸ። አቶ ልሳነወርቅ ብልጥ ነው። ላምቤቦን ወደ ዋናው ቡድን አሳደገው፤ ማልያ ሰጠው፣ ፎቶ አስነሳው። ከዚያም ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው። እሑድ መጣ፣ ላምቤቦ ተቀመጠ። ገና መጣ፣ ላምቤቦ ተቀመጠ። ፋሲካ መጣ፣ ላምቤቦ ተቀመጠ። "ልጅ ነው፣ ትንሽ ይብሰል" ይላል አቶ ልሳነወርቅ። ልጁ ወንበር ላይ ሊበስል!

አልጣሽ ሰኞ ሰኞ የላምቤቦን ማልያ ከክምሩ ታወጣለች። ላብ የለበትም፣ ጭቃ የለበትም። አንድ ሰኞ ግን እጇን ከውሃው አወጣች። ማልያውን ሳታጥበው፣ ደረቁን ሽቦው ላይ አሰጣችው። ሌሎቹ ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ የእሱ አያንጠባጥብም።

"እትዬ አልጣሽ፣ ይሄኛውን ረሱት እንዴ?" አሏት ከፈረቃ የሚወጡ ሠራተኞች።

"አልረሳሁትም። ላብ ያልነካውን ማልያ ምኑን ልጠበው?"

ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው ሁሉ ሰኞ ሽቦውን ማየት ለመደ። ደረቁን ማልያ ያያል፤ ወደ አቶ ልሳነወርቅ ቢሮ ዞሮ ምራቁን ይተፋል፤ ያልፋል። አቶ ልሳነወርቅ በገነ። ልጁን ማሰለፍ ሲችል፣ ልጁን አሰናበተው። ላምቤቦ ማልያውን አጣጥፎ በሁለት እጁ ለአልጣሽ ሰጣት። ከዚያ ወንዙን ተሻገረ። ማዶ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን አለ፤ ቀይ ለባሽ፣ የመልካ ጡሪ ባላንጣ። እዚያ ገባ። አልጣሽ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ደረቁን ማልያ ያሰጣችው እሷ ናት፤ ልጁን ያስባረረችው እሷ ናት። እንዲህ እያለች ራሷን በላች።

የውድድሩ የመጨረሻ እሑድ ደረሰ። የመልካ ጡሪው ቡድን፣ ስኳር፣ ከተሸነፈ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። የመጡት ጥጦች ናቸው። ላምቤቦ ቀይ ለብሶ ገባ። "የእናት ጡት ነካሽ!" አለው ሕዝቡ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳሷ ግራ እግሩ ላይ አረፈች። መታት። መረቡ ተርገበገበ። ላምቤቦ አልዘለለም፣ አልጨፈረም። አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሕዝቡ እጁን በራሱ ላይ ጫነ።

አልጣሽ ብቻዋን ተነሣች። አጨበጨበች።

የሸንኮራ ልጣጭ ግንባሯን መታት። እሷ አጨበጨበች። ከቤ የሚባል፣ ጡሩምባ እየነፋ ደጋፊውን የሚመራ ጎረምሳ ዘሎ መጣ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ለየልሽ እንዴ? እኛ ላይ እኮ ነው ያገባው!"

"ማን ነው ያገባው?"

"ላምቤቦ ነዋ!"

"የማን ልጅ ነው?"

ከቤ ጡሩምባውን ዝቅ አደረገ። "የእኛ" አለ።

"እንግዲያ ምን ትጮህብኛለህ? አጨብጭብ!"

ከቤ ትክ ብሎ አያት፤ ግንባሯ ይደማል። ጡሩምባውን አንሥቶ ነፋ። ሸንኮራ ቆራጮቹ ተነሡ። ባለሱቆቹ ተነሡ። ሕዝቡ እያለቀሰ አጨበጨበ። ከክብር ወንበሩ ያልተነሣ አንድ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ ላምቤቦ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። በላብ የራሰውን ቀይ ማልያ አወለቀ፤ አጣጠፈ፤ በሁለት እጁ ዘረጋላት።

"እትዬ፣ ይቺንስ ያጥቡልኛል?"

"አምጣ" አለች። "ይሄ እንኳ ይታጠባል።"

ሰኞ ሽቦው ላይ፣ በነጮቹ መሃል፣ አንድ ቀይ ማልያ ውሃ ሲያንጠባጥብ ታየ።

ስኳር ወረደ። የዋና ከተማዎቹ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ፤ አቶ ልሳነወርቅም ተከተላቸው። የቀሩት ተስፋዎቹ ብቻ ነበሩ። እነሱው ታች ተጫወቱ፣ እነሱው ቡድኑን መልሰው አወጡት። ላምቤቦ ግን አልተመለሰም። ጥጦች አከበሩት፤ የተከበረ ሰው ለምን ይመለሳል? አልጣሽ ያን ልጅ በነጭ ማልያ ሲጫወት ሳታይ ሞተች። የሌሎቹን ግን እስክትሞት አጠበች፤ ሁሉም በላብ የራሰ ነበር።

እስከ ዛሬ በመልካ ጡሪ፣ እዚያ ያደገ ልጅ የሌላ ማልያ ለብሶ መጥቶ ግብ ሲያገባባቸው፣ ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጭባል። ልጁም ማልያውን አጣጥፎ በሁለት እጁ ለአጣቢዋ ይሰጣል። ሰኞ ማልያው ታጥቦ ሽቦው ላይ በነጮቹ መሃል ይዘረጋል። የማያውቅ መንገደኛ፣ "የባላንጣ ማልያ እዚህ ምን ይሠራል?" ብሎ ይጠይቃል።

"ልጃችን ትናንት ቤቱ መጥቶ ነበር" ይሉታል።