ከቆጠራው የወጣችው

አንድ ሰው ነበረ። ሴት ልጁ በአራት ወሯ ሞተችበት።

የኔታ እንዲህ ብለው የጀመሩት ለከተማው የዘር ሐረግ ማኅበር ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው፣ «የኔታ፣ ለሰዉ ደክመን ዘሩን እየፈለግንለት፣ ለምንድን ነው ብዙው ተቆጥቶ የሚወጣው?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም ቀጠሉ።

ልጅቱ ስትወለድ ከግንባሯ በላይ ከጣት የማትሰፋ ነጭ ጠጉር ነበረቻት። ከእሱም ወገን ከሚስቱም ወገን፣ በሕይወት ካሉት እንዲህ ያለ ጠጉር ያለው የለም። ከቀብሩ በኋላ ሚስቱ፣ «ከማን ወርሳው ይሆን? ዘመዷን ብናውቅ እኮ እዚያ ሄዳ ብቻዋን አትሆንም ነበር» እያለች እንቅልፍ አጣች። ሰውየው ይህን ሊጠይቅ ዘር ቆጣሪ ሽማግሌዎች ወደሚሰበሰቡበት ማኅበር ሄደ።

ገና ወንበር ሳይስብ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ነገራቸው። «የማን የልጅ ልጅ?» ያንንም ነገራቸው። ከዚያ በኋላ እሱን የሚሰማ ጠፋ። አንዱ ሽማግሌ በእናቱ በኩል ይወጣሉ፣ ሌላው በአባቱ በኩል ይወርዳሉ፣ ሁለቱ ደግሞ የአንዲት ቅድመ አያት ባል ማን እንደነበር ተጣሉ። «እኔ ጠጉሯን ነው የጠየቅኋችሁ» ቢል፣ «ቆይ እንጂ፣ አትቸኩል!» አሉት። በመጨረሻ ሰብሳቢው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«እንኳን ደስ ያለህ! የደጃዝማች ዘር ነህ!»

«ደጃዝማቹ ነጭ ጠጉር ነበራቸው?»

«ሸምግለው ነው የሞቱት፤ ታዲያ ምን ሊሆን ነው!» ሁሉም ሳቁ።

ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን፣ «ደጃዝማቹ እኮ እኅት ነበረቻቸው» አሉ። «ሳትወልድ ነው የሞተችው። እሷን እንዝለላት።»

ሰውየው ወደ እሳቸው ዞረ። «እሷስ? ጠጉሯ እንዴት ነበር?»

«ሳትወልድ የሞተች አልኩህ እኮ። ያልወለደ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። መልኳን ማን ይይዝላታል?»

«እንግዲያው የእኔም ልጅ ትዘለላለች?»

«ደንቡ ነው፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ሰውየው ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «ከጠዋት ጀምሮ የማታውቋቸውን ሙታን ሁሉ በስም ጠራችሁ! የልጄን ስም እንኳ አንድ ሰው አልጠየቀኝም!» ብሎ ጮኸ።

ሰብሳቢው በደስታ አጨበጨቡ። «አያችሁልኝ ቁጣውን? ቁርጥ ደጃዝማቹን!»

ሰውየው በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ።

የኔታ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «እናንተም እንዲሁ ናችሁ። ሰው እናንተ ዘንድ የሚመጣው አንድ ሰው ጎድሎበት ነው። እናንተ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ታሸክሙታላችሁ፤ ያጣውን ግን ከቆጠራው ታወጡበታላችሁ። ታዲያ እንዴት አይቆጣ? መጀመሪያ ማንን እንዳጣ ጠይቁት። ስም ሲጠራላችሁ አዳምጡት። ደጃዝማቹ ይደርሳሉ፤ የትም አይሄዱም።»

ጸሐፊው፣ «ሰውየውስ? ከዚያ ምን አደረገ?» አለ።

«ምን ያደርጋል! ቤቱ ገባ። ሚስቱ፣ ‹ትርንጎዬ ከማን ወርሳው ኖሯል አሉህ?› አለችው። ‹ትርንጎ የእኛ ናት› አላት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቶ፣ ከተሰጣ የሰነበተውን የሕፃኗን ጨርቅ ከገመዱ አውርዶ አጠፈው።»