በቦዩ አፍ ላይ ያለው ድንጋይ

ከተማዋ አሮጌ ናት፤ ስሟን አልጠራም፤ የሰዎቹ ዘሮች ዛሬም አሉና ይቀየሙኛል። በመስጂዷ ግርጌ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ፣ ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ ሰውን የሃይማኖት ኪታብ የሚያቀሩ፣ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ጓሯቸው ድሮ ድንጋይና አመድ ብቻ ነበር። ከባለቤታቸው ከሸምሲያ ጋር ዓመት ሙሉ ድንጋይ ለቀሙ። በሁለተኛው ዓመት ሸምሲያ በአጥሩ ጥግ ሁለት መደብ ጎመን ተከለች፤ ከዚያ ሽንኩርትና ቃሪያ ታከለ፤ ልጃቸው ሙንተሃም ፓፓያ አበቀለች። በሰባተኛው ዓመት ያ ቤት አትክልት ፍለጋ ገበያ መውጣት ተወ። ማሻአላህ ያላለ ጎረቤት አልነበረም።

ውሃውስ ከየት ነው? ከመስጂዱ። ሰው ለሶላት ሲታጠብ ውዱእ ያደረገበት ውሃ በቦይ ይወርድና በሐጂ ጓሮ አልፎ፣ ከታች ባሏ የሞተባት ሩቂያ ጋ ይደርሳል። እሷም ልጆቿን የምታበላው ከዚያች ቁራሽ መሬት ነው። “የላይኛው እስከ ቁርጭምጭሚት ያጠጣና ለታችኛው ይልቀቅ” እያሉ ያስተማሩት ደግሞ ራሳቸው ሐጂ ናቸው።

አንድ በጋ ውሃው ቀጠነ። ሐጂ “ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ ሽንኩርቱ ነፍስ እስኪዘራ” ብለው ወደ ሩቂያ በሚወርደው ቦይ አፍ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጣሉ። ከዚያ ረሱት። ሩቂያ “ድርቁ ነው” ብላ ሦስት ወር ቻለች። በየጁሙዓው ሸምሲያ አንድ እስር ጎመን “ሶደቃ ነው” እያለች ስታደርስላት እሷም ታመሰግን ነበር። አንድ ቀን ግን ቦዩን ተከትላ ወጣች።

ያን ቀን ሐጂ ከጁሙዓ ሶላት ሲወጡ ጎመኑን በሰው ፊት እግራቸው ሥር ወረወረችው።

“ሐጂ፣ ጎመንዎን ይውሰዱ!”

ሐጂ ደማቸው ፈላ። “አላህን አትፈሪም? አላህ የሰጠው ሪዝቅ ይወረወራል?”

“ሪዝቁማ የኔ ነው! የኔን ውሃ ጠጥቶ ነው ያደገው። ሦስት ወር ሙሉ ለገዛ ሐቄ ጀዛከላህ ስል ከረምኩ። ይሂዱና ቦዩን ይዩ!”

ሐጂ ወደ ቤት ሄዱ። ውሸቷን ሊያጋልጡ ነበር የሄዱት። ድንጋዩ ግን እዚያው ተቀምጧል፤ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። የገዛ እጃቸው ሥራ ነው። ያን ጊዜ የተናደዱትን ንዴት በዕድሜያቸው ተናደው አያውቁም። “አንተ ቀጣፊ!” አሉ፤ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ራሳቸውን ነው። ዶማ አነሱ።

ሸምሲያ እጃቸውን ያዘች። “የሙንተሃ አባት፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ውሃው ዛሬ ከሄደ ጓሮው አለቀለት። የሰባት ዓመት ልፋታችን እኮ ነው! ቢያንስ እኩል እንካፈል።”

“እኩል? ሦስት ወር ለብቻችን ጠጥተናል። ሦስት ወር ለብቻዋ ትጠጣ።”

ድንጋዩን ፈንቅለው ለሁለት ሰበሩት። ከዚያ ወርደው ሩቂያን በልጆቿ ፊት አፉ በይኝ አሏት። ወዲያው አላለቻቸውም፤ ልክ ነበረች። የሐጂ ሽንኩርት በሳምንቱ ጠወለገ፤ ጎመኑ ተከተለ፤ ሙንተሃ በፓፓያዋ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሐጂም አዩዋት። ድንጋዩን ግን አልመለሱም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በአንድ ጁሙዓ፣ አንድ ሰው “ሐጂ፣ ያን የመሰለ ጓሮ! የሚስኪን ሶደቃም አብሮ ቀረ እኮ” ብሎ ቢያዝንላቸው፣ ተቆጥተው እንዲህ አሉ፦

“ሶደቃ ከመስጠትህ በፊት ድንጋይህን አንሳ።”

እኔም ይህን ስናገር ደሜ ይፈላል። የእህታችንን የውርስ መሬት ይዘን፣ በረመዷን አንድ ፓኬት ተምር የምንልክላት ስንቶች ነን? ተምሩን ስናቀብል ደግሞ ፊታችን እንዴት ያበራል! ሩቂያ ሦስት ወር ሳታውቅ አመሰገነች። የኛ እህቶች ግን ድንጋዩን ካዩት ቆይተዋል። እያወቁ ነው ጀዛከላህ የሚሉን።