ዳቦውን ማን ይቁረስ?

በአንድ ወቅት፣ ሰው ለጎረቤቱ ደህና አደርክ ለማለት እንኳ መጀመሪያ ፓርቲውን በሚጠይቅባት አገር፣ ጥሩሰው የምትባል እናት ነበረች። ላይኞችና ታችኞች የሚባሉት ሁለቱ ፓርቲዎች ገበያቸውንም የውሃ ጉድጓዳቸውንም ለይተው ሲፋጁ ኖሩ። በምርጫው ሰሞን ላይኞች የታችኛዋን የጥሩሰውን አንድያ ልጅ ገደሉባት። ገዳዩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ምርጫውን አሸንፎ አዲስ የአገር መሪ የሆነው የፈንታሁን ታናሽ ወንድም!

ፈንታሁን «አገሪቱን አስታርቃለሁ» አለ። ስንቱ ብሎት አልነበር! ጥሩሰው ስትሰማ ምራቋን ጢቅ አለች። እሱ ግን ጠባቂዎቹን ትቶ፣ የገዛ ወንድሙን እንደ እርቅ ወጉ ድንጋይ አሸክሞ፣ በእግሩ እስከ ታችኞች ሜዳ አመጣው። የራሱ ሰዎች «ከሃዲ!» እያሉ ተከተሉት።

ሜዳው ላይ የታችኞች ወጣቶች ጠመንጃ ደቅነዋል። አለቃቸው፣ በምርጫው የተሸነፈው ጓንጉል፣ ዝም ቢል ኖሮ፣ በአንድ ጥይት ሥልጣኑ የሱ ነበር። እሱ ግን ዘሎ አፈሙዙ ፊት ቆመና «መጀመሪያ እኔን ግደሉ!» አለ። የገዛ ልጁ «ፈሪ!» ብሎ ሰደበው።

ለእርቁ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ሜዳው ላይ ወደነበረችው ጥሩሰው ዞሩ። «ልጃችን፣ አንቺ ካልማርሽው ደሙ አይደርቅም።»

ገዳዩን ብታየው፣ የልጇ እኩያ ነው።

«ነገ ሌላ እናት እንደኔ እንዳትሆን ምሬዋለሁ» አለች፤ «ለናንተማ ብዬ እንዳይመስላችሁ!»

በአገሩ ወግ፣ እርቁን ያመጣው ሰው ዳቦ ካልቆረሰ እርቁ አይጸናም፤ ድንጋዩም ከበዳዩ ጫንቃ አይወርድም። ዳቦው ሲቀርብ ጉድ ፈላ!

«መሪያችን ይቁረስ! ወንድሙን አምጥቷል!» አሉ ላይኞች።

«ጓንጉል ባይቆምለት በሕይወት ይኖር ነበር?» አሉ ታችኞች።

«እሷ ባትምረውስ ኖሮ?» አሉ ጥቂት ሴቶች፤ ማን ሰምቷቸው!

ወርደው የነበሩት ጠመንጃዎች ተመልሰው ተነሡ። ጥሩሰው የዳቦውን ቢላ ከትልቁ ሽማግሌ እጅ መነጨቀች።

«እናንተ እርጉሞች! እኔ ልጄን ቀብሬ እናንተ በዳቦ ትጣላላችሁ? ምሕረቴ ሳያልቅ ቶሎ በሉ!»

ሽማግሌው «እንግዲያው አንቺው ወስኚ፤ ለወደድሽው ስጪ፣ ወይም ራስሽ ቁረሺ» አላት።

ፈንታሁን እጁን ዘረጋ። ጓንጉልም ዘረጋ። ገዳዩ ድንጋዩን እንደተሸከመ ነው፤ ያጎነበሰ አንገቱ እፊቷ፣ ቢላውም እጇ ላይ።

በሉ እናንተ የምትሰሙኝ፣ ላይኛ ታችኛ ሳትሉ ፍረዱ፦ ዳቦውን መቁረስ የሚገባው ለማን ነው?