አያ ጅቦ ፒያኖ ያስተማረ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ የዱር እንስሳት ልጆቻቸውን ፒያኖ ማስተማር ባማራቸው ዘመን፣ ሴት ልጁን ጉርሻ ብሎ የሰየመ አንድ ጅብ ነበር። ስሙን ሲያወጣ ምን እያሰበ እንደነበር መጠየቅ አያስፈልግም። አያ ጅቦ ሆዱ ከሞላ ሌላው ግድ አይሰጠውም፤ ማፈር የሚባል ነገርም አያውቅም። ጉርሻ በክረምቱ መጨረሻ ንጉሥ አንበሳ ፊት ቀርባ ፒያኖ ትጫወታለች ሲባል ግን ደረቱ ተነፋ። «አንድ ቀን እንኳ የጅብ ልጅ ሲባል አገሩ ሳይስቅ ቢውል» እያለ ይመኝ ጀመር።

አስተማሪዋ እመት ጦጢት ነበረች። አትቆጣም፣ አትገርፍም፤ ልጆቹን ታጫውታቸዋለች። የፒያኖ ጥቁር ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ይቆማሉ። እሷ ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ባለችው ነጭ ቁልፍ ላይ አንዲት የተቆላች ሽምብራ ታስቀምጣለች። ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ጥቁሮች በጣቱ ዳብሶ ያገኛል፣ ሽምብራዋን ያነሣል፣ ቁልፏን ይነካና «ዶ» ብሎ አብሮ ያዜማል። ድምፁ ከገጠመ ሽምብራዋ የእሱ ናት። በዚህ ጨዋታ ጉርሻን የሚያህላት አልተገኘም።

ይህ እመት ቀበሮን ያንገበግባት ነበር፤ የእሷ ልጅ ሁልጊዜ ሁለተኛ ናትና። አንድ ሰኞ እመት ጦጢት ለልቅሶ ቆላ ስትወርድ፣ ቀበሮ ወደ አያ ጅቦ መጣች።

«ልጆቹ ሥራ ፈትተው ሊውሉ ነው። ለምን አንተ አታስተምራቸውም?» አለችው።

«እኔ? ፒያኖ የት አውቄ?»

«ምን ዕውቀት ይፈልጋል? ማጫወት ብቻ እኮ ነው። እንዲያውም ሽምብራውን ተውና ሥጋ አድርግበት። ልጅ የሚተጋው ለሥጋ ነው።»

አያ ጅቦ ነገሩ ልክ መሰለው። የሰባ ሻኛ ቆራርጦ ይዞ ሄደ፤ በየቁልፉም ላይ ደረደረው፤ ከሁለቱ ጥቁሮች ግራ ይሁን ቀኝ አልለየም። «በሉ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ክፈቱ እስክላችሁም እንዳትከፍቱ» አለ። ልጆቹ ጨፈኑ።

ምራቁ ሞላ። አንዷን ለቅምሻ ብሎ አነሣት። ቅምሻው ሁለተኛውን ጠራ፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን። ሻኛው ሲያልቅ ቁልፎቹን መላስ ያዘ፤ የቀለጠው ስብም በዶ ቁልፍ ጎን ወደ ውስጥ ወረደ።

«አሁን ክፈቱ» አለ አፉን እየጠረገ። «ጨዋታው አልቋል፤ ወደየቤታችሁ።»

«የኛስ ድርሻ?» አለች የጥንቸል ልጅ።

ጉርሻ የአባቷን ጢም አየችው፤ ስብ ተንጠልጥሎበታል። አንገቷን ደፍታ ወጣች። ያን ጊዜ የአያ ጅቦ ጆሮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋለ። ምን እንደነካው ስላላወቀ፣ የበላው ያልተስማማው መሰለው።

የንጉሡ ቀን ደረሰ፤ ያው ፒያኖ ወደ አዳራሹ ተወሰደ። ከልቅሶ በዚያው ዕለት ጠዋት የተመለሰችው እመት ጦጢት ልጆቹን አሰልፋ ቆመች። የመጀመሪያዋ ጉርሻ ነበረች። ዓይኗን ጨፍና ሁለቱን ጥቁሮች ዳበሰችና ነጯን ቁልፍ ነካች። ቁልፏ ሰጥማ ቀረች፤ ድምፅ የለም። ደግማ ነካች፤ አሁንም ጭጭ። አዳራሹ ሳቀ።

«ጨዋታ ብቻ ሲያስተምሯቸው እንዲህ ነው» አለች ቀበሮ፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ።

አንበሳ ፊቱን ወደ አስተማሪዋ መለሰ። «እመት ጦጢት፣ ክረምቱን ሙሉ የተማሩት ይህን ከሆነ ትምህርቱ ዛሬ ይዘጋ።»

አያ ጅቦ ጆሮው እንደገና ጋለ። ቀበሮ ጠጋ ብላ «ዝም በል፣ ማን ያውቅብሃል?» አለችው። ዝም ሊል ፈልጎም ነበር። ነገር ግን ጉርሻ ዓይኗን ገልጣ የምታየው ፒያኖውን ሳይሆን እሱን ነበር።

ተነሣ። «ንጉሥ ሆይ፣ ልጅቷም አስተማሪዋም ጥፋት የለባቸውም። ቁልፉን የያዘው የሻኛ ስብ ነው። ላስተምር ብዬ ገብቼ፣ ልጆቹ ዓይናቸውን በጨፈኑበት የበላሁባቸው እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ሳቅ ለምዷል፤ ዝምታው ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው አስመኘው። ጉርሻ ወደ ፒያኖው ዞረች፤ ሌሎቹን ቁልፎች እየመታች፣ ዶ ላይ ስትደርስ በገዛ ድምፅዋ እያዜመች ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተጫወተች። አንድም ድምፅ አልሳተችም። አንበሳ ትምህርቱ ይቀጥል አለ። አገሩ ሁሉ የጅቡን ልጅ ሲያደንቅ፣ ያን ቀን ሲመኝ የኖረው አባት ቀና ብሎ ማየት አቅቶት መሬት መሬት ያይ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ ጉርሻ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ እሱ ከኋላ ይጎተታል።

«ይቅር በይኝ ልጄ፤ በሰው ፊት አዋረድኩሽ» አላት።

«እሱስ ይረሳል፣ አባዬ» አለች ሳትዞር። «ያን ዕለት ግን ዓይኔን አጥብቄ ጨፍኜ ነበር። ትንሽም አላጮለቅሁም። አስተማሪው አንተ ስለሆንክ።»



ከዚህ የምንማረው፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠብቀን ልጅ እየተጫወተ ብቻ ሳይሆን እያመነን መሆኑንና፣ ጨዋታውን የናቀ አስተማሪ ቀድሞ የሚበላው ይህንኑ እምነት መሆኑን ነው።